ከፓሳው እስከ ቪየና በብስክሌት፦ የትኛውን ዳርቻ እንያዝ?

የብስክሌት ጉዞ ባቀድኩ ቁጥር መጀመሪያ ወረቀት ላይ የማሰፍረው የየቀኑን ርቀት ነበር። በመጪው መስከረም ከታላቅ እህቴ ጋር የዳኑብን ወንዝ ተከትለን፣ ከጀርመኗ ፓሳው ተነሥተን እስከ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ለመውረድ ከተስማማን ወዲህ ግን፣ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ያሳለፍኳቸው ምሽቶች ሌላ ጥያቄ አስቀደሙብኝ። በዚህ ጉዞ የብስክሌት መንገዱ በአብዛኛው በወንዙ ግራና ቀኝ ስለሚሄድ፣ ተጓዡ በየጧቱ ሰሜኑን ወይስ ደቡቡን ዳርቻ እንደሚይዝ መወሰን አለበት። አንዱን ከያዘ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ የሚሻገርበት ድልድይ፣ ግድብ ወይም ጀልባ የሚገኘው እርሱ በፈለገበት ቦታ አይደለም። አንድ የተሳሳተ ምርጫ ግማሽ ቀን ከመኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ወይም ሊያይ የመጣውን ነገር ከወዲያ ማዶ ሆኖ እንዲያየው ያደርገዋል።

ዳኑብ የሚጀምረው በጀርመን ጥቁር ደን ሲሆን፣ ብሪጋኽና ብሬግ የተባሉ ሁለት ትናንሽ ወንዞች ዶናውኤሺንገን አጠገብ ከተገናኙበት ቦታ አንሥቶ ስሙን ይይዛል። ከዚያ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አሥር አገሮችን ነክቶና ቪየናን፣ ብራቲስላቫን፣ ቡዳፔስትንና ቤልግሬድን አቋርጦ ጥቁር ባሕር ይገባል። ዩሮቬሎ 6 የተባለው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቅ የብስክሌት መንገድም ከ4,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ካለው ጉዞው ሰፊውን ክፍል የሚጓዘው ከዚህ ወንዝ ጋር ነው። ያን ሁሉ የመጨረስ ምኞት የለኝም። እኛ የመረጥነው ከፓሳው እስከ ቪየና ያለውን፣ በብስክሌት መንገዱ ሲለካ ወደ 320 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል ለጀማሪዎች የሚመከርበት ምክንያት ለብስክሌት ታስቦ ከተሠራው ነገር ይልቅ ከጥንት የተረፈው ነገር ነው። የእንፋሎት መርከብ ከመምጣቱ በፊት ጭነት የያዙ ጀልባዎች ወንዙን ሽቅብ የሚወጡት በዳርቻው በሚራመዱ ፈረሶች እየተጎተቱ ነበር፤ ፈረሶቹ የረገጡት ያ ከውኃው ጫፍ የማይርቅ ደልዳላ መንገድ ዛሬ በብዙ ቦታ የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

ደልዳላነቱን ስናነሣ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «ወንዝ ቁልቁል ስለሚፈስ ከላይ ወደ ታች ከሄድክ ብስክሌቱ ራሱ ይወስድሃል» ይላል። ፓሳው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 300 ሜትር፣ ቪየና ደግሞ ወደ 160 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ለ320 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በአንድ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እግር ይህን ቁልቁለት አያውቀውም። እግር የሚያውቀው ነፋስን ነው። በዚህ ሸለቆ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ነፋሱን ከጀርባው ያገኛል። ከፓሳው ወደ ቪየና እንጂ ከቪየና ወደ ፓሳው ለመሄድ ያልመረጥነው በዚህ የተነሣ ነው።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። የዳኑብ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ከመነሻው ሳይሆን ጥቁር ባሕር ከሚገባበት ከሱሊና ጀምሮ ሽቅብ ነው፤ ስለዚህ በዳርቻው የተተከሉት የመርከበኞች ቁጥሮች ወደ ታች ለሚሄድ ሰው እየቀነሱ ይመጣሉ። ፓሳው ላይ 2,225 አካባቢ የነበረው ቁጥር ቪየና ሲደረስ 1,929 ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት ሦስት መቶ ሳይሞላ የብስክሌት መንገዱ ግን ከሦስት መቶ የሚያልፈው፣ መንገዱ አልፎ አልፎ ከወንዙ እየራቀ በመንደሮችና በማሳዎች ስለሚዞር ነው። ዕቅዴን የማወጣው በእነዚህ ቁጥሮች ሆኖ በየቀኑ ርቀት ላይ አንድ አሥረኛ ያህል እጨምርበታለሁ፤ እስካሁን ካየኋቸው ዘዴዎች ሁሉ ለእውነታው የቀረበው ይህ ነው።

ርቀትን በተመለከተ ልባም የሆንኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ወንዝ ዳር ከዚችው እህቴ ጋር ስንጓዝ፣ በቀን 90 ኪሎ ሜትር ብዬ የጻፍኩት ዕቅድ በሦስተኛው ቀን ፈረሰ። ጧት ዝናብ ያዘን፤ ከሰዓት በኋላ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ፤ ማታ የደረስንበት ማረፊያ ደግሞ ቦታችንን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ጠበቀን። ሌላ ማረፊያ ፍለጋ በጨለማ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ስንጓዝ እህቴ ከኋላዬ ሆና ያለችኝ አይረሳኝም፤ «አንተ ብስክሌት ላይ ከወጣህ ሰው እየተከተለህ መሆኑን ትረሳለህ።» እውነቷን ነበር። ያ ዕቅድ የእኔን ጉልበት እንጂ የሁለታችንን አልለካም። አሁን የምከተለው ደንብ በጣም ቀላል ነው፤ ከሁለቱ ዝግ ያለው ተጓዥ ሳይደክም በአራት ሰዓት የሚሸፍነውን ርቀት ወስጄ የቀኑ ርቀት አደርገዋለሁ። ለእኛ ይህ ከ40 እስከ 55 ኪሎ ሜትር ነው። የቀረው ሰዓት ለመሻገሪያ፣ ለማየት፣ ለማረፍና ለተነፈሰ ጎማ ይሁን።

በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ቀን ከፓሳው እስከ ሽሎገን ያለው ነው። ፓሳው ዳኑብ ከኢንና ከኢልዝ ወንዞች ጋር የሚገናኝባት ከተማ ስትሆን፣ ከአልፕስ ተራሮች የሚወርደው ኢን በዓመቱ አማካይ ከዳኑብ የበለጠ ውኃ ይዞ ይመጣል፤ የወንዙ ስም ዳኑብ ሆኖ መቀጠሉን ሳስብ ኢን የተበደለ ይመስለኛል። ከከተማዋ ስንወጣ ብዙ መኪና የማይመላለስበትን የሰሜኑን ዳርቻ ይዘን፣ ከቀትር በኋላ ወደ ደቡብ መሻገር እንዳለብን ወስነናል። ምክንያቱ ሽሎገን ላይ ወንዙ በጠንካራው ድንጋይ መካከል ዞሮ ወደ መጣበት አቅጣጫ የሚመለስበት ታላቅ ጠመዝማዛ መኖሩ ነው፤ በዚያ ቦታ በሰሜኑ በኩል ደን የለበሰው ገደል እስከ ውኃው ስለሚወርድ መንገዱ ይቋረጣል፣ ያለ ጀልባም መቀጠል አይቻልም። በተጨማሪም ጠመዝማዛውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳየው ከፍታ ከደቡቡ ዳርቻ በእግር የሚወጣ ስለሆነ፣ ማታ ብስክሌቱን አስቀምጠን ለመውጣት እዚያው ማደራችን ይጠቅመናል። ሁለተኛው ቀን ሊንዝ ያደርሰናል፤ ስለእርሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሜዳ ነው፣ ረጅም ነው፣ ነፋሱ ከጀርባችን ከሆነም ፈጣን ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ዕቅዱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በመጀመሪያው ረቂቅ ከሊንዝ ተነሥተን በሰሜኑ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ግራይን እንድናድር ጽፌ ነበር፤ ማውትሃውዘንን ደግሞ በመንገድ ላይ «የሁለት ሰዓት ማረፊያ» ብዬ አስገብቼው ነበር። ማውትሃውዘን ናዚዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1938 ያቋቋሙት ማጎሪያ የነበረበት ስፍራ ነው። በዚያና በሥሩ በነበሩት ቅርንጫፍ ማጎሪያዎች ወደ 190,000 ሰዎች ታስረው ቢያንስ 90,000 የሚሆኑት ሞተዋል፤ እስረኞቹ ከጥቁር ድንጋይ ካባው ድንጋይ ተሸክመው የወጡባቸው 186 ደረጃዎችም ዛሬ ድረስ አሉ። እህቴ ረቂቁን አንብባ እስክሪብቶዋን «ሁለት ሰዓት» ከሚለው ላይ አሳርፋ ዝም አለች። በማግስቱ ዕለቱን ለሁለት ከፈልኩት። በሦስተኛው ቀን ከሊንዝ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዘን ብስክሌቶቻችንን ማረፊያችን ትተን ወደ መታሰቢያው ኮረብታ እንወጣለን፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀረን መንገድ አይኖርም። ከእንዲህ ያለ ቦታ ወጥቶ ሰዓት እያዩ ፔዳል መርገጥ ለእኔም አልተዋጠልኝም።

አራተኛው ቀን አጭር ሆኖ ግራይን ያደርሰናል። ከግራይን ቀጥሎ ያለው ጠባብ ሸለቆ ሽትሩደንጋው ይባላል፤ በጥንት ጊዜ በውኃው ውስጥ ባሉት ዐለቶችና አዙሪቶች ምክንያት ጀልበኞች እጅግ የሚፈሩት ስፍራ ነበር። ዐለቶቹ በየዘመኑ በፈንጂ ሲፈርሱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠናቀቀው የኢብስ ፐርሰንቦይግ ግድብ ውኃውን ከፍ አድርጎ አረጋግቶታል። የዳርቻ ምርጫ ጉዳይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። ከተማዋ በሰሜን ናት፤ በሰሜን በኩል የሚቀጥለው ግን መኪና የሚበዛበት ዋና መንገድ ሲሆን፣ ጸጥተኛው የብስክሌት መንገድ በደቡብ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ጧት የመጀመሪያው ሥራችን መሻገር ይሆናል። ይህን ሳያውቅ በሰሜን የቀጠለ ሰው ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ መኪናውንና ወንዙን እያፈራረቀ ሲያይ ይውላል። በዚያው ቀን ማታ ሜልክ እንገባለን። ቤኔዲክቲን መነኮሳት እ.ኤ.አ. ከ1089 ጀምሮ የኖሩበት ገዳም ከከተማው በላይ ባለው ዐለት ላይ ስላለ ለእርሱ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን መድበናል፤ ዕረፍቱን በጉዞው እኩሌታ ሳይሆን ትንሽ አለፍ ብሎ ያደረግሁት ድካም የሚጠራቀመው ከአራተኛው ቀን በኋላ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለውን የቫኻው ሸለቆ ለጊዜው ልዝለለው፤ ክርክሩ ገና ስላልተቋጨ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከክሬምስ እስከ ቱልን የሚወስደው ቀን የደቡቡን ዳርቻ የምመርጥበት ለየት ያለ ምክንያት አለኝ። በዚህ በኩል ትስቬንተንዶርፍ የሚባል ስፍራ ላይ ተሠርቶ ያለቀ፣ ነገር ግን አንድም ቀን ኤሌክትሪክ ያላመነጨ የኑክሌር ማመንጫ ከወንዙ ዳር ቆሟል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1978 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 50.47 በመቶ የሚሆኑት መራጮች «አይከፈት» በማለታቸው ተዘግቶ ቀረ። በብስክሌት ሲያልፉት ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ተራ ፋብሪካ ይመስለዋል። ክሬምስ በሰሜን ስለሆነች ለመሻገር የአልተንቨርትን ግድብ እንጠቀማለን። ግድቦች በዚህ ወንዝ ላይ ለብስክሌተኛ ድልድይ ሆነው ያገለግላሉ፤ በኦስትሪያ በኩል ወንዙ ያለ ግድብ በነፃ የሚፈስባቸው ሁለት ረጃጅም ክፍሎች ብቻ ናቸው፣ አንደኛው ቫኻው፣ ሁለተኛው ከቪየና በስተምሥራቅ ያለው። የምሥራቁ የተረፈው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 ሃይንቡርግ አጠገብ ሊሠራ የነበረውን የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ የተቃወሙ ሰዎች ብርዱን ችለው ደኑ ውስጥ ስለሰፈሩ ነው። የመጨረሻው ቀን ከቱልን ቪየና ሲሆን፣ የምንጨርሰው በከተማዋ መካከል በወንዙ ላይ በተዘረጋችው በዳኑብ ደሴት ላይ ነው። ደሴቷ 21 ኪሎ ሜትር ትረዝማለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1988 ከተማዋን ከጎርፍ ለመጠበቅ ሁለተኛ የውኃ መውረጃ ሲቆፈር በወጣው አፈር የተሠራች ናት።

ጎርፉን ካነሣሁ አይቀር ወቅቱን ስለመረጥንበት ምክንያት ልናገር። ያ ፈረሶች የረገጡት መንገድ ለውኃው ቅርብ መሆኑ ውበቱም አደጋውም ነው፤ ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ የሚዋጠው እርሱ ነው። በፓሳው የማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ ያለፉት ጎርፎች የደረሱበት ከፍታ ከነዓመተ ምሕረቱ ተጽፎ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ውኃው 12.89 ሜትር ደርሶ ነበር። በግንቦትና በሰኔ የአልፕስ በረዶ ሲቀልጥ ኢን ይሞላል። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱም ማረፊያውም በሰው ይጨናነቃል። መስከረምን የመረጥነው በዚህ ነው፤ ዋጋው ግን የቀኑ ማጠር ነው፣ በሰኔ ወደ 16 ሰዓት የነበረው ብርሃን በመስከረም አጋማሽ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ጀልባዎቹም ወቅቱ ሲገባደድ የሥራ ሰዓታቸውን ያሳጥራሉ። መስከረምም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ወር በታችኛው ኦስትሪያ ከባድ ጎርፍ ደርሷል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ባለው ሳምንት የወንዙን ከፍታ መከታተል፣ መንገዱ ከተዘጋም በዋናዎቹ ከተሞች መካከል ባቡር መያዝ የዕቅዱ አካል ነው። የባቡር ሐዲዱ ከወንዙ ብዙም አይርቅም፤ ይህ መንገድ ለጀማሪ የሚመችበት ትልቁ ምክንያት ምናልባት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ቦታ የማስያዙን ሥራ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እሠራለሁ፤ ይህን ልማድ ለሁሉም እመክራለሁ። ከቪየና የሚመለሰው ፈጣን ባቡር የሚይዘው የብስክሌት ብዛት ጥቂት ስለሆነና ለብስክሌቱም አስቀድሞ ቦታ መያዝ ስለሚገባ፣ መጀመሪያ የምገዛው የመመለሻውን ቲኬት ነው። ቀጥሎ በየመንደሩ ማረፊያ ከሚያንስባቸው ቦታዎች፣ ማለትም ከሽሎገንና ከግራይን እጀምራለሁ። ሊንዝንና ቪየናን የመሳሰሉ ከተሞች ሊቆዩ ይችላሉ። የሼንገን ቪዛ ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ጉዞው ከጀርመን ቢጀምርም ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር፣ በዚህ መንገድ ለኦስትሪያ ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሲሆን፣ ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ማቅረብ አይገባም። የየቀኑ የማረፊያ ዝርዝር ለማመልከቻውም ስለሚጠቅም ዕቅዱን ቶሎ መጨረሱ ሁለት ጊዜ ይክሳል።

ስለ ዕቃ ረጅም ዝርዝር መጻፍ አልወድም። በአንድ ሰው 12 ኪሎ ግራም ወሰን አድርገን ከዚያ በላይ የሚሆነውን ሁሉ አስቀርተናል፤ ዕቃውም ጀርባችን ላይ ሳይሆን በኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ በሚንጠለጠሉ ውኃ የማያስገቡ ቦርሳዎች ይሆናል። ሁለት ትርፍ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ መንፊያ፣ ማጣበቂያ፣ ለሰንሰለቱ ዘይትና ትርፍ የፍሬን ጎማ ይበቃሉ። ደወልና፣ በጨለማ ለሚነዳ ሰው፣ መብራት በኦስትሪያ ሕግ ግዴታ ናቸው፤ የራስ ቁር ግዴታ የሚሆነው ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቢሆንም እኛ ሳናደርግ አንሄድም። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስት ቅዳሜዎች ሙሉ ጭነቱን ጭኖ 40 ኪሎ ሜትር መንዳት ነው፤ ኮርቻው ከፍ ወይም ዝቅ ማለት እንዳለበት የሚታወቀው በሁለተኛው ሰዓት ላይ እንጂ ግቢ ውስጥ አይደለም።

አሁን ወደ ቫኻው ልመለስ። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጉዞው ልብ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ሁለቱም ዳርቻዎች መልካም መሆናቸው ነው። ሰሜኑ ታሪክ የተሞላ ነው፤ ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነችው፣ ወደ 30,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላት የሴት ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1908 የተገኘችው በዚህ በኩል ባለችው በቪለንዶርፍ መንደር ነው፤ ዝቅ ብሎም የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1192 ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ ተይዞ የታሰረበት የዱርንሽታይን ግንብ ፍርስራሽ ከመንደሩ በላይ ይታያል። ደቡቡ ጸጥተኛ ነው፤ ሰው ይቀንሳል፣ የሰሜኑን መንደሮችና ተዳፋት በሙሉ ከማዶ ያሳያል። እህቴ ቪለንዶርፍን ሳታይ አታልፍም፤ ቅርጿን በኋላ በቪየናው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስታያት የተገኘችበትን መሬት ቀድማ ማወቅ ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ሰው ከማይበዛበት ዳርቻ ሆኜ በዝምታ መንዳት እፈልጋለሁ። ሁለት ምሽት ተከራክረናል፤ «እትዬ፣ አንዱን ምረጪና እንገላገል» ብላትም «አንተ ምረጥና እኔ ልቀየምህ?» ብላ መለሰችልኝ።

መፍትሔው የተገኘው ከወንዙ ነው። ከሜልክ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በደቡብ ካለችው አርንስዶርፍ ወደ ሰሜኗ ስፒትስ የሚያሻግር ጀልባ አለ፤ ከወንዙ በላይ በተወጠረ ገመድ ተይዞ ያለ ሞተር፣ ውኃው ራሱ እየገፋው የሚሻገር ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ከሜልክ በድልድይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ እኔ በደቡብ እቀጥላለሁ። እርሷ የራሷ መንፊያና ውስጠኛ ላስቲክ ይኖራታል፤ ጎማ መቀየርም ከሦስቱ የልምምድ ቅዳሜዎች በሁለቱ ብቻዋን ሁለት ጊዜ ሠርታዋለች። ከስፒትስ እስከ ክሬምስ ያለውን አብረን በሰሜን እንጨርሳለን። በዕቅዱ ላይ በዚያ ቀን ትይዩ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ «ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ስፒትስ፣ የጀልባው መውረጃ።» እህቴ ከሥሩ በእጇ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ቀድሞ የደረሰ ይጠብቃል።»